«ነገ ነይ» የማይባልበት ስፌት ቤት

ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የጅማ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ነገ ስትሄጂ ጨርቅሽ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነው፤ መቀስ አልነካውም። «ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረኝ» ይልሻል። አንቺም እያወቅሽ «እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ትያለሽ። ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበር። ይሄ እንደ ውሸት አይቆጠርም፣ የሙያው ሰላምታ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ስፌት ቤት ስላለችኝ የማማው የራሴን ሰፈር ነው።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በቅርቡ የቁምስናችን (የአጥቢያችን) ወጣቶች እምነትን በዕለት ተዕለት ኑሮ ስለመኖርና ስለማካፈል ጥቂት እንድነግራቸው ጠየቁኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ትመጣለች ብለው ሲጠብቁ የትዕዛዝ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። የሕልም ወይም የፈውስ ታሪክ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸው ቅር ሲለው አየሁ። አንዱማ «እትዬ፣ መንፈሳዊ ነገር የለውም እንዴ?» አለኝ። መንፈሳዊው ይሄ ነው አልኩት። ሰዓት አልቆ እዚያ የዘለልኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ደብተሬ ላይ ስም አለ፣ ልክ አለ፣ ቀብድ አለ፣ ቀን አለ። ከሁሉም የሚከብደኝ ቀኑ ነው። ልክ ቢሳሳት ይተረተራል፣ እንደገና ይሰፋል፤ ቀን ግን ካለፈ አለፈ። የኅሊና ምርመራ የሚባል ጸሎት አለን፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባቶች ከመሥራቻቸው ከቅዱስ ኢግናጢዮስ ተቀብለው ለሁላችን ያስተማሩት፣ ማታ ማታ ውሎህን በእግዚአብሔር ፊት የምትመረምርበት። እኔ እሱን የማደርገው በደብተሬ ላይ ነው። ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት ጣቴን በየስሙ ላይ አስኬዳለሁ። ይቺን ዛሬ እንዴት አናገርኳት? ለዚህ ሰውዬ የነገርኩት ቀን የምር ነው ወይስ እንዳይሄድብኝ ያልኩት? የዚህችን ልጅ ወገብ ስለካ የቀለድኩት አላስከፋትም? ከዚያ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራሁ «ጌታ ሆይ፣ አስባት» እላለሁ። በጣም ጸሎተኛ ሆኜ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ደክሞኝ ሌላ ጸሎት አይመጣልኝም።

ፈተናው የሚበረታው በዓል ሲቃረብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር መጋቢት ውስጥ ውሎ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ተከተለ። ከአንድ ወገን አባያና ጅልባብ፣ ከሌላ ወገን የሀበሻ ቀሚስ፣ መሃል ላይ እኔና አንድ አሮጌ ሲንጀር። ደንበኛ ቀብዱን እጅሽ ውስጥ እየጨመረች «አልችልም፣ አይደርስልሽም» ማለት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ብሩ ሙቀት አለው። እንዲያ ብዬ የመለስኳቸው ሴቶች ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ፤ አብዛኞቹም ልብሳቸው ለበዓል ደረሰላቸው። አዎ፣ ደረሰላቸው። እውነት የሚናገር ነጋዴ ሁልጊዜ ያተርፋል የሚል ሰባኪ ካለ አንድ የዋዜማ ሳምንት ሱቄ መጥቶ ይቀመጥ።

ሌላው የቁራጭ ጨርቅ ነገር ነው። በእኛ ሙያ የተረፈው የሰፊው ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም ሌብነት ብሎ አይጠራውም። ግን ሦስት ሜትር አምጪ ብዬ ሁለት ተኩል ከበቃኝ፣ ያቺ ግማሽ ሜትር የማን ናት? እኔ ጠቅልዬ፣ ከዚያው ጨርቅ ጠርዝ በወጣ ቀጭን ማሰሪያ አስሬ፣ በመርፌ ቁልፍ ከልብሱ ጋር አያይዤ እሰጣለሁ። ብዙዎቹ «ምን ላድርገው?» ይሉኛል። ትታው የምትሄድም አለች፣ ያኔ ተለማማጆቼ ይለማመዱበታል። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ የምትመጣ አንዲት እናት ግን በዚያው ቁራጭ ለልጇ የደብተር ቦርሳ በእጇ ሰፍታ፣ ሐሙስ ገበያ በመጣችበት ልታሳየኝ ገባች። ስፌቱ እባብ የሄደበት ይመስላል፤ አንገቱ ላይ የኔን ጥልፍ አስመስላ አንዲት ቅጠል ጠልፋበታለች። ያንን ቦርሳ ብትሸጥልኝ ገዝቼ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

የሰፊዎች ጠባቂ ቅዱስ መኖሩን የነገሩኝ አንድ አባ ናቸው። ቅዱስ ኦሞቦኖ ይባላል፤ ጣልያን አገር ክሬሞና በምትባል ከተማ የጨርቅ ነጋዴና ልብስ ሰፊ ነበር። ካህን አይደለም፣ መነኩሴ አይደለም፣ ከነገሥታት ወገን አይደለም፤ ሚስት ያለው፣ የሚነግድ፣ ከትርፉ ለድሆች የሚሰጥ ሰው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1197 ቅዳሴ እያስቀደሰ እጆቹን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ ወደቀ። ሰዉ እየጸለየ መስሎት ነበር፤ ለካ አርፏል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ኢኖሰንት 3ኛ ገና በ1199 መጀመሪያ ላይ ቅድስናውን አወጁ። አሥራ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው፤ አንድ ሱሪ ለመስፋት ከዚያ የበለጠ የሚፈጁ ሰዎች አውቃለሁ። እንግዲህ የእኔ ሰው እሱ ነው። በረሃ የገባ ቅዱስ ሲተረክልኝ አደንቃለሁ፣ እግዜር ያክብረው፤ እኔ ግን ኪራይ አለብኝ።

ቀን 6 ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ። መልአኩ ገብርኤል ማርያምን ያበሰረበትን የቀትር ጸሎት ለማድረስ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሁለት ተለማማጆች አሉኝ፣ ሴቷ ሙስሊም፣ ወንዱ ኦርቶዶክስ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት የኦቨርሎኩን፣ የጠርዝ መስፊያውን፣ ማብሪያ ታጠፋልኛለች፣ ጩኸቱ ሰው የሚያሳስብ አይደለማ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አዛን ሲል ደግሞ እኔ አጠፋላታለሁ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ስጋጃዋን ትዘረጋለች። ይሄን እንዲህ እናድርገው ብለን ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን «እትዬ፣ ግን ምን እያልሽ ነው?» አለችኝ። መልአኩ ለእመቤታችን የነገራትን፣ እሷም እሺ ያለችውን ነገርኳት። «እሱንማ እኛም እናውቃለን፣ መርየም የሚባል ሱራ አለን» ብላ 19ኛው መሆኑን ነገረችኝ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ባወጣው መግለጫ፣ ሙስሊሞች ድንግል ማርያምን እንደሚያከብሩ በግልጽ ጽፏል። አባ ይሄን ያነበቡልን ዕለት ጉባኤው ጅማ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። ልጇ ማን ነው የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። እኔም አላድበሰብስም፣ እሷም አታድበሰብስም። ከዚያ ዚፕ ወደ መትከላችን እንመለሳለን።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። እኔን የሚያደክመኝ ኑሮው አይደለም፣ ማስረዳቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 121 ሺህ ያህል ነበር፤ ወደ 47 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶው ሙስሊም፣ 13 በመቶው ፕሮቴስታንት። ደምሩት። የቀረችው አንድ በመቶ ገደማ ናት፤ እኛ እዚያች ውስጥ ነን፣ እሷም የብቻችን አይደለችም። ስለዚህ ልክ ልትለካ የመጣች ሴት አንገቴ ላይ ያለውን መስቀልና መሳቢያው ላይ ያስቀመጥኩትን መቁጠሪያ አይታ ግራ ብትጋባ አልፈርድባትም። «ኦርቶዶክስ ነሽ?» አይ። «ጴንጤ ነሽ?» አይ። «ታዲያ ምንድን ነሽ?»

ጴንጤ ደንበኞቼ የሚመጡት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «እህቴ፣ ጌታን ተቀብለሻል?» «እንዴታ፣ እሁድ እሁድ እቀበለዋለሁ» እላለሁ። ሲስቁ ስለ ቅዱስ ቁርባን ለመናገር በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። ኦርቶዶክሶቹ ስለ ጾም፣ ስለ ታቦት፣ ጫማ ስለማውለቅ ይጠይቁኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያቺ የማትቀረው ትመጣለች። «ጣልያን ያመጣው ሃይማኖት አይደል?»

ጅማ ላይ ይሄን መስማት ቀላል አይደለም፤ ከተማችን በወረራው ጊዜ የጋላና ሲዳሞ ግዛት ተብሎ የተሸነሸነው አገር መቀመጫ ነበረች፣ ሕንፃዎቹም አሉ። መልሴ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። የከፋ ሰው የሆነችው የቦንጋ አያቴ ያወረሰችኝ እምነት ከሞሶሊኒ በፊት ነበር። አቡነ መሲያስ ይባሉ የነበሩት የካቶሊክ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ከፋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይተው ተባረሩ። እሳቸው ጣልያን ናቸው፣ አልዋሽም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ ካቶሊክ እምነታቸው በሰንሰለት እንደታሰሩ ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም መነኩሴ ናቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ የሆኑት፣ ኋላም በ2015 ካርዲናል የተባሉት ብርሃነየሱስ ሱራፌል የሐረርጌ ልጅ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሰባት ወር ታስረዋል። ይሄን ሁሉ የምናገረው ሜትሩን ደረቷ ላይ ይዤ ነው፤ ስለዚህ የትም አትሄድብኝም።

ስለ ማሳያ የምወደው ነገር አለ። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለነበር ሕዝቡ አባ ፈንጣጣ ብሎ ሰየማቸው። ካርዲናል ሆነው ነው የሞቱት፣ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትመዋል፤ ሕዝቡ ግን የጠራቸው በክትባቱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እሳቸውን ቀድመው በሰሜን የገቡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ አሉ። በ1840 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ መጀመሪያ ሲናገሩ፣ የልብ በር አፍ ነው፣ ቁልፉም ቃል ነው ብለው ነበር የጀመሩት። ወጣቶቻችን ዛሬ በሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ «ሥራችን ይናገራል» ብለው አፋቸውን ይለጉማሉ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ፈርተው ነው። ግማሾቹ በየቀኑ ጥቅስ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ፣ የአምስት መቶ ብር ዕዳ ግን አይከፍሉም። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ እወደዋለሁ፣ ጅማም ያለሱ አትቆምም። አፍ ለማዘጊያ ሲሆን ግን አልወደውም። ሰው ጠይቆኝ ዝም ካልኩ የደበቅኩት ነገር አለ ይላል እንጂ አከበረችኝ አይልም። መጀመሪያ ልብሷን በቀኑ ላድርስላት፤ ከዚያ ከጠየቀችኝ ሳልቀንስ ሳልጨምር ልንገራት። ካልጠየቀችኝም ልብሷን ትልበስ።

የግድግዳ ጎረቤቴን አዴ ነው የምንላት፤ ባለ ቡናዋ ናት፣ ሰፈሩ በሙሉ በእሷ ጀበና ነው የሚነቃው። በፋሲካ ዶሮ ወጥ ልልክላት አልችልም፣ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። የእሷንም ሥጋ እኔ አልበላም፤ ይሄ እዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀው ሥርዓት ነው። እንዲያውም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሕግ አይከለክለኝም። ግን ብበላ ኦርቶዶክስ ወዳጆቼ ግራ ይጋባሉ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ሥጋ ይቅርብኝ ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ድፎ ዳቦ ይሄዳል፣ የምስር ሳምቡሳ ይመጣል። አንድ ዓመት ዶሮውን በነፍሱ ላክሁላት፤ ባሏ ባርኮ አረደው፣ ተቃለለ።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ያረፉት በዚያው በ2017 የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13 ነው። ያን ዓመት የእኛም የፈረንጁም ፋሲካ አንድ ቀን ስለዋለ ዓለም ሁሉ ገና እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ ነበር። ተለማማጄ ስልኩ ላይ አይቶ ነገረኝ። እኔም ደንግጬ አማትቤ፣ በጅምር ላይ የነበረውን እጅጌ ልጨርስ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። አዴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ተቆጣች። «አንቺ ልጅ! አባትሽ ሞቶ መኪና ትረግጫለሽ?»

«አዴ፣ ሮም ነው እኮ ያሉት።»

«ሮምስ ቢሆን? ዝጊው!»

ዘጋሁት። ጀበናዋን ይዛ መጣች፣ ከኋላዋም የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷ በሻሿ፣ አንድ በአንድ ገብተው ጣቃው ላይም በርጩማው ላይም ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናሽ» ያለችኝ አለች፣ «አላህ ያጽናሽ» ያለችኝ አለች። «ልጅ አላቸው?» አለች አዴ። የለም፣ ጳጳስ አያገባም አልኩ። «ሚስኪን» አለች፤ ከልቧ ነው ያዘነችው። ከዚያ ስለሳቸው ጠየቁኝ። ቦነስ አይረስ የሚባል ከተማ ጳጳስ ሳሉ በከተማ አውቶቡስ ይሄዱ እንደነበር፣ ጸሎተ ሐሙስ ሲሆን እስር ቤት ገብተው የእስረኞች እግር ያጥቡ እንደነበር ነገርኳቸው። «የእስላምም?» አለች አንዷ። አዎ፣ የእስላምም አልኩ፤ ደግሞም ር.ሊ.ጳ. በሆኑበት በመጀመሪያው ዓመታቸው፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ከታጠቡት መካከል አንዲት ሙስሊም ሴት ነበረች። ስለ እምነቴ በአንድ ቁጭታ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ ሰብሳቢዋም እኔ አልነበርኩም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አሁንም ያከራከረን የወንዱ ተለማማጄ ጉዳይ ነው። ልጁ ከእኔ ጋር ከዋለ በኋላ አንድ ቀን ካቶሊክ መሆን እፈልጋለሁ አለኝ። ለምን ስለው አጥጋቢ መልስ የለውም፤ እኔን ስለወደደኝ ነው። በራሱ ቤተ ክርስቲያን ከጥምቀቱ ወዲህ በዓመት አንዴ እንኳ አይሄድም። «መጀመሪያ ለእናትህ ንገራት፣ ከዚያ የነፍስ አባትህን አነጋግር፤ ከዚያም ወዲያ ከፈለግህ እኔ ራሴ አባ ጋ እወስድሃለሁ» አልኩት። የኦርቶዶክስ ጥምቀት በእኛም ዘንድ ጥምቀት ነው፣ ደግመን አናጠምቅም፤ ልጁ ከሜዳ የተገኘ አይደለም። ሄዶ የነፍስ አባቱን አነጋገረ። አሁን እሁድ እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ያስቀድሳል፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም ገብቷል፤ ለመድኃኔዓለም ክብረ በዓል ፈቃድ ጠይቆኝ የእሱን ድርሻ እኔ ዘመዘምኩለት።

በቁምስናችን አንዲት የማከብራት እህት ይሄን ሰምታ በጣም ተናደደችብኝ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ይዛኝ፣ «አንድ በመቶ አንሞላም እያልሽ ስታለቅሺ ከርመሽ በእግሩ የመጣውን መለስሽው?» አለችኝ። ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2007 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታድገው በመመልመል ሳይሆን በመሳብ ነው ማለታቸውን ጠቀስኩላት። «ተስቦ መጣ እኮ! አንቺ ነሽ የገፋሽው» አለች። እውነትም መልስ አጣሁ፤ ያለችው ነገር ሞኝነት አይደለም። እኔ የማውቀው ልጁ የመጣው ለእኔ ብሎ እንጂ ለእግዚአብሔር ብሎ አለመሆኑን ነው፤ እሷ ደግሞ እግዚአብሔር ሰውን የሚጠራው በሰው በኩል ነው ትላለች። አባ ሁለታችንንም ሰምተው ፈገግ ብለው አለፉ፤ እኔ እንደሆነ ፈገግታውን ለእኔ ነው የቆጠርኩት። እስካሁን አልተስማማንም። የሠርግ ልብሷን ግን ለእኔ ነው የሰጠችኝ፣ ቀኑን ስነግራት አልተከራከረችኝም።